እኔ እኔ መሆኔን ላልተቀበለው የብድር ታሪክ መዝገብ ቤት

ይድረስ ለተከበሩ የብድር ታሪክ መዝገብ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ለሚያሰማኝ የስልክ መስመርዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ የባለቤቴ የሌስተር ነገር ግን ደህና አይባልም፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ስሜ ዶሪን ስታንኬቪች ነው። ቶሌዶ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። እርስዎ ግን ይህን ስለሚጠራጠሩ፣ ለጊዜው ዶሪን ነኝ ባይ አድርገው ያንብቡኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እግሬ ረግጦት በማያውቀው በቱሳን ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት በስሜ ቀይ ፒክአፕ መኪና ገዛች። የመኪናው ደረሰኝ የመጣው ግን ለእኔ ነበር። ያን ጊዜ መዝገብ ቤትዎ፣ ሌላ ሰው በስሜ እንዳይበደር፣ የብድር ታሪኬን እንዳሳግድ በደግነት መከረኝ፤ እኔም የፖሊስ ማስረጃውንና የደረሰኙን ቅጂ አያይዤ አሳገድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የብድር ታሪኬን ማንም አልነካውም፤ እኔም ጭምር። ለዚህ ጥብቅ ጥበቃ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ባለፈው ወር ሌስተር ስትሮክ መታው፤ ግራ እግሩ አይታዘዝለትም። የምንኖረው ፎቅ ላይ ሲሆን ደረጃው አሥራ ስምንት ነው። ሐኪም ቤት ስንሄድ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይወርዳል፤ ሲደክመው ቆም ይልና በድሮ ሥራዬ እየቀለደ «ሹፌር፣ ወራጅ አለ!» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ፤ ካልሳቅኩ አለቅሳለሁና።

ከኋላችን ባለው መንገድ ደረጃ የሌለው ቤት ተገኘ። አከራዩ አቶ ፕሩት ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን እዚህ አገር የብድር ታሪክ ሳያይ ቁልፍ የሚሰጥ ማን አለ? «ወይዘሮ ዶሪን፣ እስከ ዓርብ ማታ ለማንም አልሰጥም፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚጠብቁ ሰዎች አሉብኝ» አሉኝ። ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ ድረ ገጽዎ ደግሞ እገዳ ለማንሳት አንድ ሰዓት እንኳ እንደማይፈጅ ይናገራል። እንግዲህ አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ እገዳውን ለማንሻ ያኔ የሰጡኝን የሚስጥር ቁጥር ሁለት ዓመት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አጥፌ አስቀምጬ ነበር። ላስገባው ስል ግን ቁጥሩ ቀርቶ ሰው የሚለየው በጥያቄ መሆኑ ተነገረኝ። ይህን ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ ደስታው ይበዛብኝ ነበርና ስላልነገሩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ጥያቄዎቹ። ከእነዚህ መንገዶች በየትኛው ኖረዋል? የመኪናዎ ቀለም ምንድን ነው? መንገዶቹ በሙሉ የቱሳን ናቸው፤ እኔ ደግሞ ሰማያዊ መኪና ነው ያለኝ፣ ሰማያዊ ግን ከምርጫው ውስጥ የለም። ውሸት አልወድምና በሁሉም ላይ «ከተጠቀሱት ውስጥ የለም» የሚለውን መረጥኩ። ማሽንዎም ማንነቴን ማረጋገጥ እንዳልቻለ በትሕትና ገልጾ አሰናበተኝ። ሌባዋ ናት ብዬ በፖሊስ ወረቀት ያስመዘገብኳትን ሴት፣ እናንተ መፈተኛዬ አደረጋችኋት!

ሦስተኛ፦ ረቡዕ ዕለት ከአንድ ሰዓት ተኩል ሙዚቃ በኋላ ብሪያና የምትባል ልጅ ስልኩን አነሳች። ጉዳዩን ሁሉ አስረዳኋት። «እማማ፣ ሲስተሙ እርስዎ እርስዎ አይደሉም እያለኝ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ከመላው መሥሪያ ቤትዎ ያፈረች እሷ ብቻ ስለሆነች ደመወዟን ይጨምሩላት። የመታወቂያዬን ቅጂ በፖስታ እንድልክ ነገረችኝ፤ ላክሁ፤ እስካሁን መልስ የለም።

ተናድጃለሁ፤ መደበቅ አልችልም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ልጅ ለማይገባው ሰው አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም። አክስቷ ነኝ የምትል እንግዳ ከመጣች የልጅቷን ፊት አያለሁ፤ ያ ይበቃኝ ነበር። እርስዎ ይህን ሁሉ ማሽን ሰብስበው የሰው ፊት የሚያይ አንድ ሰው አጡ።

ዓርብ ማታ አቶ ፕሩት ቤቱን ለአዲስ ተጋቢዎች ሰጡት። ይቅርታ ጠየቁኝ፤ አልፈርድባቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት እልህ ያዘኝና የሴትየዋን ደረሰኝ ከመሳቢያ አውጥቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። መንገዱ? እሷ ደረሰኙ ላይ አድራሻዬ ብላ የጻፈችው። የመኪናው ቀለም? ቀይ። በአራት ደቂቃ ውስጥ እገዳው ተነሳ፤ «ወይዘሮ ዶሪን፣ ማንነትዎን ስላረጋገጡ እናመሰግናለን» የሚል መልእክትም ደረሰኝ። አሁን የብድር ታሪኬ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የማሳየው አከራይ ግን የለኝም።

ትናንት ሌስተርን ወደ ሐኪም ይዤው ስወርድ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ብዙ ቆየ። «ወራጅ አለ» እስኪለኝ ጠበቅኩት፤ አላለኝም።

እውነቱን ተናግራ ያልታመነች፣ ዋሽታ የታመነች፣ ምንጊዜም አክባሪዎ፣
ዶሪን ስታንኬቪች

ማሳሰቢያ፦ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ቱሳን ላሉት ወይዘሮ ዶሪን እንዲልኩልኝ እለምናለሁ፤ አድራሻቸውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ አጥብቀው ይዘውታል። የእሳቸው ቃል በእርስዎ ዘንድ ስለሚታመን፣ ለባላቸው ለሌስተር ደረጃ የሌለው ቤት ይከራዩለት።