የጥርሴ ቀጠሮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ እትዬ አስካለን የነገን ጠዋት ፈቃድ ጠየቅኳቸው። ኮልፌ ያለው ልብስ ስፌት ቤታቸው ከገባሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። አንድ ስፌት ከተጣመመ ሙሉውን ያስፈቱኛል፤ ስታመም እንኳ ቅሪ ብለውኝ አያውቁም። ሌላ ቦታ ለሥራ ፈተና ተጠርቻለሁ ማለት ፈራሁና "ጥርሴን አሞኛል" አልኳቸው።

የስፌት መኪናቸውን አቁመው ትኩር ብለው አዩኝ። "የቱ ጥርስሽ ነው?"

"የመንጋጋዬ" አልኩ።

ወዲያው ሐኪም ጋ ደውለው ቀጠሮ አስያዙልኝ። "ብቻሽንማ አልሰድሽም፤ እኔው እወስድሻለሁ። ልጄ ማለት አይደለሽ?" አሉኝ።

ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የጥርሱም ቀጠሮ ሦስት ሰዓት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ነገ አጠገቤ ቆመው ሐኪሙ "የቱ ነው?" ሲለኝ የትኛውን እንደማሳየው እንጃ።