አባትህ ከሙስሊያሩ ጋር በአደባባይ የተከራከረ ዕለት

ፑላካዳቭ፣ ወንዝ ዳር
ጁን 14 ቀን 1986

ልጄ ኩርያኮስ፣

ኩዌት በዚህ ወር ጫማ ታቀልጣለች ብለህ ጽፈህ ነበርና፣ እዚህ ያለውን ዝናብ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ብከትልህ ደስ ባለኝ። ዝናቡ ከገባ ሳምንቱ ነው። ጣሪያው እንደ ልማዱ ያፈሳል፣ ፍየሏ ወልዳለች፣ ቁንዶ በርበሬው አበባ ይዟል። እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነው። ባለፈው ማክሰኞ የሙስሊያሩን ላም «እንደምን አደርሽ እህቴ» ብሏት፣ ዝም ብላ ስታልፈው ሰው ናቀኝ ብሎ ተቀይሞ ገባ። ለነገሩ ጉም ነበረ።

የአባትህ ደብዳቤዎች ለምን በእኔ እጅ እንደሚጻፉ ጠይቀሃል። ጎማ ዛፉን ለወተቱ ሲያደማ ስለሚውል ጣቱ ይዝላል። እንዲህ በይው ብሎኛል።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ፤ ሌላ ሰው አጣሞ ሳይነግርህ ከእኔ ስማው። አባትህ በአደባባይ፣ ሁለት መንደር ሙሉ ሰው ፊት፣ ከሞይዱ ሙስሊያር ጋር ተከራከረ። አዎ፣ ከእኚያው ከመስጊዱ አስተማሪ፣ ልጆቹን ቁርአን ሲያስቀሩ አንተ ከአጥር ውጭ ሆነህ ድምፃቸውን ስታስመስል በከዘራ ካባረሩህ።

ነገሩ የተጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። የማናውቃቸው ሰዎች ከከተማ መጥተው ታንኳ መሻገሪያው ላይ ወረቀት በተኑ። አንደኛው ወረቀት የእኛን እምነት ይሳደባል፣ ሌላው የእነሱን። የሁለቱም የፊደል ስህተት አንድ ዓይነት ስለሆነ የሙስሊያሩ ሚስት ቢያቱ «የአንድ አህያ ሥራ ነው» ብላ ነበር፤ ማን ይስማት። የእኛ ጎረምሶች ከእነሱ ዓሣ አንገዛም አሉ። የእነሱ ጎረምሶች ደግሞ ከእኛ ካሳቫ አንገዛም አሉ። እኛ ካሳቫ ያለ ዓሣ፣ እነሱ ዓሣ ያለ ካሳቫ ስንውጥ ሰነበትን። ቀጥሎ የአንዱ አጥር ተነቀለ፣ የሌላው መስኮት ተሰበረ፣ ሰውም ቆንጨራውን ከወትሮው አብዝቶ ይስል ጀመር።

በዚህ ጊዜ ቄሳችንና የመስጊዱ ሽማግሌዎች ተገናኙና፣ ድንጋይ ከሚወራወሩ ቃል ይወራወሩ ብለው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የክርክር ቀን ቆረጡ። ቄሱ ከደቡብ አንድ ትልቅ ምሁር ጠርተው ነበር። ምሁሩ መንገዱ አልቅት እንዳለበት ሲሰሙ ድንገት ትኩሳት ያዛቸው። ስለዚህ ዕጣው የሰንበት ትምህርት አስተማሪ በሆነው በአባትህ ላይ ወደቀ።

አባትህና ሙስሊያሩ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ በየጧቱ ሻይ ቤት ሲከራከሩ እንደኖሩ ታውቃለህ። ግን የሻይ ቤት ክርክር ሌላ ነው፤ የተሸነፈ ሰው ሻዩን ፉት ብሎ ስለ ዝናብ ያወራል። ሁለት መንደር ፊት የተሸነፈ ሰው ግን ከአሸናፊው ጋር ተመልሶ ሻይ አይጠጣም። ጎረምሶቹም አሸናፊ የሚፈልጉት ለጽድቅ ሳይሆን ለጭፈራ ነው፤ ከጭፈራው በኋላ ምን እንደሚመጣ እኔም ቢያቱም እናውቃለን። ሁለታችንም እንቅልፍ አጣን።

አባትህ ለመለማመድ እኔን ሙስሊያር አደረገኝ። ፎጣ ጠምጥሜ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ መጽሐፉን የማነብለትም እኔ፣ የምጠይቀውም እኔ። እሱ ስለ ሥላሴ ሲያስረዳ ፀሐይን አመጣ፤ ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ፣ ሦስት ሲሆኑ ፀሐይ ግን አንዲት ናት አለ። እኔም እንደ ሙስሊያሩ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ስትጠልቅስ ቹማር፣ ሦስቱም አብረው ይተኛሉ?» አልኩት። ምሳውን ሳይበላ ወደ ጎማ ዛፎቹ ሄደ። ማታ ሲመለስ ምሳሌ ሁሉ ያነክሳል፣ እግዚአብሔር ከምሳሌው ይበልጣል የሚል መልስ ይዞ መጣ። ጥሩ መልስ ነው አልኩት። ሙስሊያሩ ደግሞ ምን እንደሚመልሱ ግን አላወቅሁም።

በማግስቱ ልብስ ለማጠብ ወንዝ ወርጄ ቢያቱን አገኘኋት። ፊቷ የኔን ፊት ይመስላል። ለካ ሙስሊያሩም ቤታቸው ውስጥ እሷን ክርስቲያን አድርገዋት ኖሯል። «እኔ ስለ መርየም ልጅ ምን እንደምትሉ ከየት አውቄ ነው የምመልስላቸው?» አለችኝ። እንግዲህ አንዱ ሌላውን እንዳይዘርረው፣ ሁለቱም እኩል እንዲያውቁ ማድረግ የኛ ፈንታ ነው ተባባልን። እሷ የባሏን ነገረችኝ፣ እኔ የባሌን ነገርኳት። ልብሱ እንኳ በደንብ አልታጠበም።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ቢያቱ ባሏን እንዲህ ብላ ጠየቀች። «የመርየም ልጅ የፈጣሪ ቃል ነው ትላላችሁ። ታዲያ ፈጣሪ ቃል ያልነበረው ጊዜ ነበረ?» ሙስሊያሩ የጨበጡትን ሩዝ ሳህኑ ላይ መልሰው፣ ይህን ማን ነገረሽ አሏት። በህልሜ ነው አለች። ህልሟ በየቀኑ ቀጠለ። የእኔም እንደዚሁ።

የክርክሩ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የእኛ በቀኝ፣ የእነሱ በግራ፣ ሴቶች ሁላችን ከኋላ። ጎረምሶቹ ዣንጥላ ይዘው መጥተዋል፤ ዝናብም ቢሆን አያያዛቸው የዣንጥላ አልነበረም። ሙስሊያሩ ተነሥተው «ክቡር አቶ ቹማር፣ እርስዎ…» ብለው ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ሳቀ። አባትህን አንቱ ብለውት አያውቁም። አባትህም በአንቱታ ሊመልስ ሞክሮ ምላሱ ተሳሰረና ሁለቱም «አንተ» ወደ መባባል ተመለሱ።

ከዚያ የእኔና የቢያቱ ሥራ ፍሬ ማፍራት ጀመረ። አባትህ «ሙስሊያር አሁን የሚለውን አውቃለሁ» ብሎ ጀመረና፣ ስለ ፈጣሪ አንድነት፣ ስለ አለመውለዱና ስለ አለመወለዱ እንዴት አሳምሮ ተናገረ መሰለህ፣ በግራ በኩል ያሉት ሁሉ አጨበጨቡለት። መልሱን ከማምጣቱ በፊት ሰዓቱ አለቀ። ሙስሊያሩም በተራቸው «ቹማር ፀሐይዋን ሊያመጣብኝ ነው» ብለው ክበቡን፣ ብርሃኑንና ሙቀቱን ከቄሳችን አስበልጠው አስረዱ፤ ሽማግሌው ዲያቆናችን ከእንቅልፋቸው ነቅተው «አሜን» አሉ። ሙስሊያሩ ደነገጡ። አባትህና እሳቸው መጀመሪያ እርስ በርስ፣ ከዚያ ወደ ሴቶቹ ወገን ተያዩ። እኔና ቢያቱ ጣሪያውን አየን።

ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመርና መደማመጥ ጠፋ። ሁለቱንም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው፤ ሰዉም ለመስማት ተጠጋ፤ ቀኝና ግራ የሚባል ቀረ። አባትህ ስለ ስቅለቱ ያጻፈኝን ወረቀት አውጥቶ ያዘ። ፊደሉን አድቅቄ ጽፌው ነበር መሰለኝ፣ አዳራሹም ጨልሟል፤ ሳያነብ ይዞት ቆየ። አንዱ ጎረምሳ ከኋላ ማጉረምረም ጀመረ። ሙስሊያሩ ወረቀቱን አዩት፤ የተዘቀዘቀ ነበር። ከዚያ የራሳቸውን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ጮክ ብለው «ቹማር፣ በወረቀት መከራከር ለጠበቃ ነው። አስቀምጠው፤ እንደ ሻይ ቤቱ እናውራ» አሉ። ልጄ፣ እኔ ያን ጊዜ እጄ የቢያቱን እጅ ይዞ አገኘሁት።

«እሺ» አለ አባትህ፣ «ጠይቀኝ።»

«ፈጣሪ ሁሉን ቻይ ነው» አሉ ሙስሊያሩ። «ይቅር ሲል ይቅር ይላል፣ ቃሉ ይበቃል። መስቀል፣ ደም፣ ጭንቅ ለምን አስፈለገው? የሚወደውን ለውርደት አሳልፎ ይሰጣል? ንጉሥ ወደ ጭቃ አይወርድም።»

አባትህ «ንጉሥ አይወርድም» አለ። «ልጁ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀበት አባት ግን ገመድ ልኮ ከላይ አይመክርም። ይገባል። ይቅርታም ሞይዱ፣ በቃል ብቻ አያልቅም። ከልቡ ይቅር ያለ ሰው ሁሉ የሌላውን ዕዳ በራሱ ሥጋ ከፍሎ ነው ይቅር ያለው። እኛ እግዚአብሔር ይህን ያደረገው ሩቅ ሆኖ አይደለም ነው የምንለው።»

«እኛም ሩቅ ነው አላልንም» አሉ ሙስሊያሩ። «ከአንገታችን ደም ሥር ይልቅ ይቀርበናል።»

«ይህን ያህል ከቀረበህ» አለ አባትህ ቀስ ብሎ፣ «ቁስልህን ሳይነካ እንዴት ይቀርብሃል? ከነካውስ ደምህ ሳይነካው?»

ሙስሊያሩ ጺማቸውን ማሸት ያዙ። የእኛ ልጆች ለጭብጨባ እጃቸውን አነሡ። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የምንኖርበትን እምነት እንዲህ በአጭር ሲነገር ሰምቼ አላውቅምና ልቤ ሞቀ። ሙስሊያሩ ግን ከጭብጨባው ቀደሙ።

«እምነቴ ያው ነው። ጥያቄህን ግን ይዤው ቤቴ እሄዳለሁ» አሉ። «አሁን አንተ የኔን ያዝ። አምላካችሁ ስለ ጠላቶቹ ሞተ ትላላችሁ። ታዲያ የላይኛው ቤተ ክርስቲያናችሁና የታችኛው ቤተ ክርስቲያናችሁ፣ ሁለቱም የእናንተው፣ በመቃብር ግቢ በር ቁልፍ ሰበብ ፍርድ ቤት የሚካሰሱት ለምንድን ነው?»

ያነሡት እጆች ወረዱ። ቄሳችን ዣንጥላቸውን መፈለግ ያዙ። አባትህ ሳቁ መጣበት፤ ሲስቅ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ሙስሊያሩም ተከተሉት። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ወንበር ላይ ሆነው ሲንፈቀፈቁ ያየ ሕዝብ ማንን ይደብድብ? ዣንጥላዎቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ፤ ለዝናብ።

ወደ ቤት ሲወርዱ ሙስሊያሩ የአባትህን ክንድ ያዙ። ጭቃው ያንሸራትታል አሉ። እስከ በራችን ድረስ አልለቀቁትም፤ በየእርምጃው «ድንጋይ አለ»፣ «ውኃ አለ» ይሉታል፤ አባትህም «አየሁት፣ አየሁት» ይላል። በማግስቱ ዓሣ ሻጩ በራችን ላይ ጮኸ። ካሳቫውን ቢያቱ ራሷ መጥታ ወሰደች።

አሁን ሙስሊያሩ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ክርክሩ አላለቀም ብለው ነው። ጋዜጣውን ያነቡለታል፣ ቀጥሎ ወንጌሉን ያነቡለታል። የመስጊዱ አስተማሪ በኛ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ወንጌል ሲያነቡ ያየ መንገደኛ ከብስክሌቱ ሊወድቅ ነበር። «የባላጋራን ጦር ማወቅ ያስፈልጋል» ይላሉ። አባትህ አነባበባቸውን ያርማል፣ እሳቸው ትርጓሜውን ይነቅፋሉ። ትናንት ግን ስለ ሕማማቱ ሲያነቡ ድምፃቸው ዝቅ አለና፣ ያች የቁስል ጥያቄ እንቅልፍ ነሣችኝ አሉት። ከሄዱ በኋላ አባትህ ተንበርክኮ ስለሳቸው ረጅም ጸሎት አደረገ። ቢያቱም ስለኛ እንደምትጸልይ ነግራኛለች። የሁለቱም መልስ እስካሁን አልመጣም፤ ሻዩ ግን በየቀኑ ይፈላል።

ኮንትራትህን ለተጨማሪ ዓመታት ላድስ ወይስ ልመለስ ብለህ ላማከርከን፣ አባትህ የሚከተለውን ጻፊ ብሎኛል፤ እኔም እንዳለው ጽፌዋለሁ። አድስ። እዚህ የሚጎድል ነገር የለም። ጎማ ዛፎቹንም የጎረቤት ልጅ ያደማቸዋል፣ እኔም ጤነኛ ነኝ። ብሎሃል።

የሐዋርያው ቶማስ ጸሎት፣ የድንግል ምልጃ ከአንተ ጋር ይሁን። የሠራኸው ይባረክ፤ የበላኸው ይስማማህ፤ በባዕድ አገር ፊት የሚያዞርብህ ሰው አይግጠምህ። የክፍል ጓደኛህን፣ ያንን የካሊኬት እስላም ልጅ፣ ሰላም በልልኝ፤ ሩዝ ሲቀቅል ጨው አይርሳ።

እናትህ ሶሻማ

አባትህም በገዛ እጄ ካልፈረምኩ ብሎ ይኸው ከታች ፈርሟል። የስሙ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ አለ። የቀረው ከወረቀቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አላጠብኩትም፣ ስትመጣ ታየዋለህ።