በጀርባ ወጥቶ በቧንቧ የወረደው ውኃ

ግንቦት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.
ጅባራ አምባ፣ መንዝ

ለክቡር አቶ ዳኜ ወንድምአገኝ
የጅባራ አምባ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ፤ የመንዝ ቁር አጥንትዎን ሳይነካው፣ የስብሰባው ብዛት ጉሮሮዎን ሳያደርቀው ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው። እኔ በማዘጋጃ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፈው አትናቴዎስ ነኝ። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት እርስዎ በመስኮትዎ እኔን ሲያዩ፣ እርስዎ በሌሉ ቀን ደግሞ እኔ መስኮትዎን ሳይ ኖረናል። እስከ ዛሬ የጻፍሁልዎ ሁሉ በሌላ ሰው ስም ነበር። ዛሬ ግን በራሴ ስም አንድ ደብዳቤ ይኑረኝ ብዬ ተነሣሁ፤ ማመልከቻ መልስ እንደማያገኝ ከሥራዬ ጠባይ ስለማውቅ፣ ምስጋና ግን ሳይነበብ አይቀርም በሚል ተስፋ፣ ይህን ምስጋና አድርጌዋለሁ። እንደ መሥሪያ ቤቱ ደንብም በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

1ኛ. ስለ ፕላኑ። ባለፈው ዓመት ለከተማችን ፕላን ወጥቶላት ባለ ቀለሙ ካርታ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጊዜ፣ ከተማችን ያን ያህል ውብ መሆኗን ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅን። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ሰማያዊው ማኅበራዊ አገልግሎት፣ አረንጓዴውም አረንጓዴ ሥፍራ መሆኑ ተገለጸልን። ሰማያዊው የወደቀው ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ ላይ፣ ማለትም ነፋስ ስለማይለየው ገብሳችንን በምንወቃበት አውድማ ላይ ነበር፤ እዚያ የሕዝብ የውኃ ቦኖ እንደሚሠራ አበሠሩን። አረንጓዴው ደግሞ የወደቀው ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግርጌ፣ ቆቅ ውኃ በሚባለው ምንጫችን ላይ ነው። እዚያ ምን ሊሠራ እንደታሰበ እርስዎ ሲጠየቁ "ለዓይን ማረፊያ ይሆናል" አሉ።

በዚያ ስብሰባ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ አቶ ጫኔ እጃቸውን አውጥተው፣ "ልጄ፣ ውኃው ያለው ታች፣ ቧንቧው የሚተከለው ላይ፤ ማን ነው የሚያወጣው?" ብለው ጠየቁዎ። እርስዎም ውኃ የሚስበው ሞተር በሚቀጥለው በጀት እንደሚመጣ ካስረዱ በኋላ "አባት፣ ይህ የአመለካከት ችግር ነው" ሲሉ በአክብሮት መለሱላቸው። አቶ ጫኔ ተቀመጡ። አመለካከታቸውን ያስተካከሉ ይመስለኛል፤ ውኃው ግን እስከ ዛሬ አላስተካከለም።

2ኛ. ስለ ምረቃው። ጥር 18 ቀን ከበላይ አካል እንግዳ መጥተው ቦኖውን እንደሚመርቁ ሲነገር፣ ግንቡ አልቆ፣ ቧንቧው ተቀብሮ፣ ጥቁሩ የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ በማማው ላይ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው ውኃ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምረቃውን ያራዝም ነበር፤ እርስዎ ግን የአንድ ለአምስት መሪዎችን ሰብስበው፣ እያንዳንዷ ሴት በምረቃው ማለዳ ከቆቅ ውኃ አራት አራት ጀሪካን እየቀዳች ወደ ሮቶው እንድትገለብጥ መመሪያ ሰጡ።

ዳገቱን እርስዎ በመኪና ስለሚያውቁት ጥቂት ልግለጽልዎ። ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው ሁለት ጊዜ ያርፋል፤ ሃያ ሊትር ያዘለ ሰው ስንት ጊዜ እንዳረፈ ለመቁጠር ትንፋሽ አይተርፈውም። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ሃያ ሁለት ሴቶች ተከታትለው ሲወጡ አየሁ። ከመካከላቸው ጎረቤቴ እትዬ ጌታነሽ ነበሩ። እትዬ ጌታነሽ የአምሳ ስምንት ዓመት እናት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚኖሩት የበግ ጠጉር እየፈተሉ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሠሪዎች በመሸጥ ነው። ከጀሪካኑ የፈሰሰው ውኃ ቀሚሳቸውን ከወገብ እስከ ተረከዝ አርሶት፣ በውርጩ ጠጥሮ እንደ ደረቅ ቆዳ ይንኳኳ ነበር። በኋላቸው ትወጣ የነበረችው የሁለት ዓመት ልጅ እናት ጠጄ ተንሸራትታ ጉልበቷ ተላጠ፤ ጀሪካኑን ግን አለቀቀችም።

ረፋድ ላይ እንግዳው ደረሱ። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ ውኃው ተንዶለዶለ፣ ሁላችንም አጨበጨብን። ካሜራ የያዘው ሰው አንዲት እናት ሲቀዱ ለማንሣት ስለፈለገ፣ እርስዎ ራስዎ ከሕዝቡ መካከል እትዬ ጌታነሽን መረጡ፤ የረጠበውን ቀሚሳቸውን በንጹሕ ነጠላ ሸፍነውት ስለነበር ይመስለኛል። ሲቀዱም እንግዳው ጎንበስ ብለው፣ "እናቴ፣ ውኃው እንዴት ነው?" ሲሉ ጠየቋቸው።

"መልካም ነው ጌታዬ፤ ጠዋት ሳመጣው ግን ቀዝቀዝ ይል ነበር" አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ሴትዮዋ ይህን ያሉት ለቀልድ አልነበረም። ተጠየቁ፤ የሚያውቁትን መለሱ። እንግዳው "ከየት አመጡት?" ቢሏቸው "ከቆቅ ውኃ ነው፤ እኔ አራት ጀሪካን አመጣሁ፣ የቀረውን እነ ጠጄ አመጡት" አሉ። የሚካኤሉ አስተዳዳሪ አባ ወልደ ጻድቅ ሳቃቸውን በእጅ መስቀላቸው ሸፈኑ። እርስዎ ግን ፈጥነው "የሕዝብ ተሳትፎ ማለት እንግዲህ ይህ ነው!" በማለትዎ እንግዳው አጨበጨቡ፣ እኛም ደገምን፣ እናንተም ወደ ተዘጋጀላችሁ የበግ ጥብስ ሄዳችሁ። ቧንቧው እስከ ቀትር ወረደ። ከዚያ ሁለት ጊዜ እፍ አለና ዝም አለ፤ ዝም እንዳለም አለ።

3ኛ. ስለ ፋይሉ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ጌታነሽን ወደ ቢሮዎ አስጠርተው "ማን ነው የላከሽ?" ብለው እንደጠየቋቸው ነግረውኛል። "ወደ ምንጩስ የላኩኝ እርስዎ ነዎት" ቢሉ፣ ፀረ ልማት መሆናቸው በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። በዚያው ሳምንት ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩበት ቤት የይዞታ ማረጋገጫ ፋይል፣ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ሲቀረው፣ ከመዝገብ ቤት ጠፋ። ፋይሎች እግር እንዳላቸው ከዚህ መሥሪያ ቤት ደጃፍ በተቀመጥሁባቸው ዓመታት ተምሬያለሁ፤ ይህኛው ግን ጆሮም ነበረው።

4ኛ. ስለ አጥሩ። ምንጩ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ሕዝቡ በዘመናዊ ቧንቧ የመጠቀም ባህል እንደማያዳብር ተደርሶበት፣ የካቲት ላይ ቆቅ ውኃ በእሾህ ሽቦ ታጠረ። "አረንጓዴ ሥፍራ፤ መግባት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተተከለ፤ ዘበኛም ቆመ። ሴቶቹም ገደሉን ወርደው ከወንዝ ይቀዱ ጀመር፤ ወርዶ መመለሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ውኃውም ከብት የሚጠጣው ነው። የጠጄ ልጅ ስምንት ቀን ሙሉ በተቅማጥ ተይዛ ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር። እናቷ ሕፃኒቱን አዝላ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ ማመልከቻ አስጻፈችኝ። የመዝገብ ቁጥሩን ከፈለጉት አለኝ። ልጅቷ በእግዚአብሔር ቸርነት ድናለች፤ የማመልከቻው መልስ ገና አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በየትኛው ቁጥር እንደማስገባው ስላላወቅሁ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም አንድ ሰኞ ቀን፣ እትዬ ጌታነሽ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ጉብታውን ወጡ። ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር አስቀመጡ፣ ቧንቧውን ከፈቱ፣ አጠገቡም ተቀምጠው እንዝርታቸውን አወጡ። አላፊ ሰው ምን እያደረጉ እንደሆነ ሲጠይቃቸው "በቦኖው ተጠቀሙ ተብለን የለ፤ ወረፋ ይዣለሁ" አሉ። ሲመሽ ጀሪካኑን እዚያው ትተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማክሰኞ ጠጄ ጀሪካኗን ከኋላ አስቀመጠች። ረቡዕ የሰልፉ ጀሪካን ስድሳ ደረሰ። ሐሙስ ቢጫው የጀሪካን መስመር ጉብታውን ወርዶ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆመ። አባ ወልደ ጻድቅም የቤተ ክርስቲያኑን ጀሪካን ልከው አሰለፉ። የጮኸ ሰው አልነበረም፤ ድንጋይ ያነሣም የለም። ሴቶቹ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ዓርብ ዕለት ፖሊሱን ማሙሽን ላኩት። ጎበዙም ከሰልፉ ራስ ደርሶ "ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለ።

"ውኃ ልንቀዳ" አሉት እትዬ ጌታነሽ።

"እትዬ፣ ቧንቧው እኮ ውኃ የለውም!"

"ቀስ በል ልጄ፤ እኔ ይህንኑ ተናግሬ ነው ፀረ ልማት የተባልሁት።"

ማሙሽ ቆቡን አወለቀ፣ ራሱን አከከ፣ ተመልሶም ሕግ የጣሰ ሰው እንዳላገኘ ሪፖርት አደረገልዎ። ማግሥቱ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነበር። ከቀየትና ከሞላሌ የመጣው ገበያተኛ በጎቹን በጀሪካኖቹ መካከል እየነዳ፣ ይህ ሁሉ ሰልፍ ምን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር፤ ሴቶቹም ለጠየቀ ሁሉ ከጥር ወር ጀምሮ የሆነውን በትዕግሥት ያስረዱ ነበር። ከቀትር በኋላ እርስዎ የምንጩ ሽቦ "ለጊዜው" እንዲከፈት አዘዙ። ይህ ውሳኔዎ ከማዘጋጃ ቤታችን ውሳኔዎች ሁሉ በዕለቱ የተፈጸመ የመጀመሪያው ነው። ለዚህ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚያ ሰልፍ የእኔ ጀሪካን አልነበረም። ጠረጴዛዬ የቆመው በእርስዎ አጥር ጥግ ነውና ፈራሁ። ቀና ብዬ እንዳላይ በወረቀት ላይ ጎንበስ ብዬ ስድስቱን ቀን አሳለፍሁ። እትዬ ጌታነሽ በእሑዱ በደጄ ሲያልፉ ስለዚህ ነገር ምንም አላሉኝም፤ እንደ ወትሮው "እንደምን አደርህ?" ብለው አለፉ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው ሰላምታ ነው።

አሁን በሰሌዳዎ በተለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት፣ እስከ ሰኔ 30 የይዞታ ማረጋገጫ ያልቀረበበት ቤት ሕገ ወጥ ግንባታ ተብሎ ይፈርሳል። ስለ ጠፋው የእትዬ ጌታነሽ ፋይል ሰባት ማመልከቻ ጽፌላቸዋለሁ፤ ለሰባቱም "እየተፈለገ ነው" የሚል መልስ ተሰጥቷል። ፈላጊዎቹ እንዳይደክሙ የሁሉንም ወረቀት ግልባጭ እኔ ዘንድ ስላስቀመጥሁ፣ በፈቀዱት ሰዓት ከመስኮትዎ ሥር አቀርባለሁ። ምስክር ካስፈለገም አባ ወልደ ጻድቅ በዚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበል የረጩ ናቸው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ እትዬ ጌታነሽ ገብሳቸውን በእንቅብ እያደረጉ ወደ እኔ ቤት ማሸጋገር ጀምረዋል። ለምን ብላቸው፣ "ክረምት መጣ፤ ቤቱ ቢፈርስ እህሉን ዝናብ እንዳይመታው ነው" አሉኝ። እኔም ገብሱን ገልብጬ እንቅቡን መልሼ አቀበልኋቸው።

የሚቀረው የአንድ ፊርማ ቀለም ነው፣ ክቡር ሆይ። ብዕሩን እኔ አመጣለሁ።

የሥልጣን ዘመንዎ እንደ ፕላንዎ በቀለማት ያጌጠ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች፣ ከመስኮትዎም በታች ሆኜ፣ ፊርማዎን በጉጉት የምጠብቅ አክባሪዎ፣

አትናቴዎስ ኃይለ ኢየሱስ
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
– ቦኖውን ለመረቁልን የክብር እንግዳ፤
– ለማዘጋጃ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከሰኔ 30ው ማስታወቂያ አጠገብ፤
– ለእትዬ ጌታነሽ፤ ማንበብ ስለማይችሉ እኔው አነብላቸዋለሁ።

ማሳሰቢያ፦ ምንጩ ታጥሮ በነበረባቸው ሳምንታት፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኮከብ በየማለዳው ሁለት ጀሪካን ይዘው ሲመጡ ዘበኛው ሽቦውን ከፍ አድርጎ ያሳልፋቸው ነበር። ወደ ገደሉ የሚወርዱት ሴቶች ሁሉ ያዩ ነበር፤ ለገበያተኛው ሲያስረዱ ግን ይህችን አንዷን ነገር አንዳቸውም አልተነፈሱም። አንዲቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሌላዋ "ተዪ፣ የልጆች እናት ናት፤ ልጆቿ ምን በደሉ?" ብላ ከለከለቻት። ከልካይዋ እትዬ ጌታነሽ ነበሩ።