ነፍሳት የማይደርሱበትን አፈር ላቀረቡልን የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማው ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ከመስኮትዎ ሥር የተደረደሩት ጽጌረዳዎችስ ደህና ናቸው? እኔ ከሐዘኔ በቀር ደህና ነኝ። ሐዘኔም የመሥሪያ ቤትዎ ስጦታ ስለሆነ፣ ውለታ ተቀብሎ ዝም ማለት ነውር መስሎኝ ይህን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ታናሽ ወንድሜ ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ከትንሽነቷ ጀምሮ ያሳደጋትን ታራንቱላ፣ መዳፍ የምታህል ጸጉራም ሸረሪት፣ ለእኔ አደራ ሰጠኝ። ምንም ነገር በችኮላ ስለማታደርግ እሜቴ ብሎ ነበር የሚጠራት። ሚስትም ልጅም የለውም፤ ከሥራ ሲገባ የሚያናግረው እሷን ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሸረሪት ብፈራም ወንድሜን ስለምወድ ተቀበልኩ። በመስታወት ሳጥኗ ውስጥ ያለው አፈር ሻግቶ ስለነበር፣ አዲሱ አፈር ማዳበሪያም መድኃኒትም ያልነካው፣ ሲጨብጡት የሚያያዝ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ፣ ጉድጓድ ብትቆፍርበት የማይደረመስባት መሆን እንዳለበት በስልክ አስጠናኝ። ይህንን ይዤ ወደ ጣቢያዎ መጣሁ፤ ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፤ ሻጭ ሠራተኛዎን አመሰግናለሁ። አፈሩ ለሸረሪት መሆኑን ነግሬ መድኃኒት እንዳለበት ስጠይቀው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሲበቃውም፣ “እናቴ፣ አይስጉ፤ እዚህ አፈር ውስጥ አንዲት ጉንዳን እንኳ አትኖርም” ብሎ አጽናናኝ። ከረጢቱም ላይ “ከነፍሳት ነጻ” የሚል ማኅተም ነበረበት። እኔም ንጽሕና መስሎኝ ደስ እያለኝ ተሸክሜ ሄድኩ። ጉንዳን የማያኖር አፈር ሸረሪትም እንደማያኖር ማናችንም አላሰብንም፤ ልዩነቱ የእኔ እንጀራ ጨርቅ፣ የእናንተ ግን አፈር መሆኑ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ እሜቴ ከእኔም ከመሥሪያ ቤትዎም ይልቅ አስተዋይ ስለነበረች አፈሩን አልረግጥም አለች። መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ዋለች፣ አደረች። እኔ አዲስ ቤት አልለመደችም ብዬ በብሩሽ ቀስ አድርጌ አወረድኳት። ወዲያው እግሮቿ ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ ቆይተውም አንድ በአንድ ወደ ሆዷ ተሰበሰቡና ሞተች። ያወረድኳት በገዛ እጄ ነው።

ሦስተኛ፤ አቤት ለማለት ስመጣ ከክፍል ክፍል እየሸኙ ሕንፃዎን ስላስጎበኙኝ አመሰግናለሁ። በየደረስኩበት፣ ይህ ሁሉ ለሸረሪት ነው ወይ ተብያለሁ። የመጋዘን ኃላፊዎ አፈሩ ሁሉ ፀረ-ተባይ እንደሚረጭበት፣ ይህንንም ጣቢያው ውስጥ የማያውቅ እንደሌለ በትሕትና ገለጹልኝ፤ እስከዛሬ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ አልተናገሩም። በማግስቱ በሩ ላይ “አፈሩ መድኃኒት አለው” የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ ጽሑፉ ግን ማማሩን መካድ አልችልም።

የተሰጠኝን ካሳም አልዘነጋሁም። ከዚያው አፈር አንድ ሙሉ ከረጢት ነው።

ገንዘብ አልጠይቅዎትም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ከረጢቱ ላይ ይጻፍ፤ ሌላ ምንም አልልም። አፈርዎ ከነካው ሁሉ ፈጣሪ ጤናዎን እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚልቅ ምሬት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ደንበኛዎ የነበረች

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፤ ወንድሜ በክራንች እየተደገፈ ቤቱ ገብቷል። ባዶውን ሳጥን ሲያይ፣ “እንዳልኩሽ አልጠየቅሽም ማለት ነው” አለኝ። ጠይቄያለሁ ብዬ ብምልም አላመነኝም፤ አደራ በላ ብሎ በሩን ዘጋብኝ። መጠየቄን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ያ ሠራተኛዎ ብቻ ነው። እውነት መናገር ከመሥሪያ ቤትዎ ደንብ ውጭ ካልሆነ፣ እባክዎን ለወንድሜ እንዲመሰክርልኝ እሱን ለአንድ ቀን ያውሱኝ።