ሀጀራ በበርበሬ ሚዛን ላይ

ለውድ ወንድሜ ለሙስተፋ፣ ድሬዳዋ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ሳፊያ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችንም ደህና ናት፤ የሚያስለቅሳት ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። “ልጅቱን ለአባቷ ቤት ስጪና ዕረፊ፤ ለሽማግሌዎቹም ተስማምቻለሁ ብዬ ልኬያለሁ” ብለሃል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርከኝ አንተው ነህና ጽፌ ስመልስልህ አትቆጣ። አልሰጥም።

ባሌ ከማሉ ለምን እንደፈታኝ ታውቃለህ። ልጃችን ሀጀራ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት የአንድ ዓመት ልጅ ታክል ነበር። እናቱ ሰው በተሰበሰበበት፣ “ትምህርት የቀመሰች እናት መጽሐፍ ታገላብጣለች እንጂ ልጅ አታበላም” አለችኝ። እኔ ልጄን አንድ ቀን አስርቤ አላውቅም! እንዲያውም ከእኔ እኩል ትበላ ነበር፤ የበላችው ግን ቅባቱ እንዳለ ይወጣል። አማቴ ደግሞ ትወፍር ብላ ቅቤ በማንኪያ ስታጎርሳት ይብሱን ሆዷ ይለቃል። ሳሉም አይለቃትም።

መስከረም ላይ ተራራውን በበቅሎ ተሻግሬ በአገና በኩል አጣጥ ሆስፒታል ወሰድኳት። ፈረንጁ ሐኪም ብዙ ጠየቀኝ። ስስማት ጨው ጨው እንደምትል ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በሽታ እንደሚመስለው ነገረኝ። ምግብ የሚፈጨው የሆድ ፈሳሽ መውጫው ተዘግቶባት የምትበላው ሥጋ አይሆናትም አለ። ደግሞም በሽታው ከእናትም ከአባትም በዘር የሚመጣ እንጂ የእኔ ብቻ ጥፋት አይደለም። ይህንንም ለከማሉ ዘመዶች ነገርኳቸው።

ከምግብ ጋር የሚሰጥ ዱቄት መድኃኒት ይዤ ተመለስኩ። ወር ሙሉ ብሰጣት ግን ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። አማቴም “የፈረንጅ አመድ” እያለች አላገጠችብኝ። ተመልሼ ሄድኩ። ሐኪሙ በምን እንደምሰጣት ሲጠይቀኝ በሚፋጅ አጥሚት በጥብጬ ነው አልኩት። ራሱን ያዘ። ለካስ ትኩስ ነገር ኃይሉን ይገድለዋል! ተማርኩ ባይዋ አፈርኩልህ። ከዚያ ወዲህ ዱቄቱን በቀዝቃዛ አይብ ላይ ነስንሼ አስቀድሜ አጎርሳታለሁ፤ ቆጮዋንና ለብ ያለ ክትፎዋን ታስከትላለች። ቅቤውም አልቀረባትም፤ አሁን ይስማማታል።

የበርበሬ ነጋዴውን ሸምሶን ታስታውሰዋለህ። በየገበያው ዕለት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በእሱ ሚዛን ላይ አስቀምጣታለሁ። ኅዳር ሲገባ ዘጠኝ ኪሎ ነበረች፤ ባለፈው ገበያ ዐሥር ኪሎ ተኩል ሞላች። ሸምሶም፣ “አንቺ ሳሌሃ፣ የእኔ በርበሬ ውሎ ሲያድር እየደረቀ ይጎድልብኛል፤ ያንቺዋ በምን ተአምር ነው የምትጨምረው?” ብሎ ገበያውን አሳቀው። አማቴ ከሰዉ መሀል ነበረች። ቀረብ ብላ የሀጀራን ክንድ ጨበጥ አደረገችና ሄደች።

ሐኪሙ አልዋሸኝም፤ ጨርሶ የሚድን በሽታ አይደለም፣ ሳሉም ገና ይፈትነናል። ግን “ሥጋ ከያዘች ሳንባዋም ይታገላል” ብሎኛል። እኔም ከእሷ ጋር እታገላለሁ።

አሁን ከአንተ የምፈልገውን ስማኝ። ዱቄቱ እያለቀ ነው። ሐኪሙ የጻፈልኝን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። እዚያ ካሉት ፋርማሲዎች ፈልገህ ለአረፋ ስትመጣ ይዘህልኝ ና። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ከአረፋ ማግስት ነው። አማቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ነገር ግን ዱቄቱን አታምንበትም። ልጄን ከወሰደች ያለ ዱቄት እያጎረሰች በፍቅሯ ትገድልብኛለች። ስለዚህ በደብዳቤ የሰጠኸውን ቃል በሽማግሌ ፊት በአፍህ ሻር። አባታችን ከሞተ ወዲህ ወገኔ አንተ ነህ። ካልመጣህ ብቻዬን እቆማለሁ፤ ብትመጣ ግን ደስ ይለኛል።

ለሳፊያ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው ሻሽ ለእናታችን ደርሷል። ልጅህን ከድሮን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገርልኝ፤ የትንሿን ልጅህን ጉንጭ ሳምልኝ። እናታችን እጇን ዘርግታ ትመርቅሃለች። ሀጀራም ስምህን እንጂ መልክህን አታውቅም፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ግን በሩ ላይ ቆማ “አጎቴ መጣ?” ትላለች።

እህትህ ሳሌሃ

ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.