ከዚህ ደን ጥቅም ማግኘት ክልክል ነው

ታኅሣሥ 20
«በይዞታዎ ያለው ደን ምንም ጥቅም የማይሰጥ ሆኖ ስለተገኘ እስከ ጥር 16 ተቆርጦ ለከሰል በሚሆን የዲከረንስ ዛፍ እንዲተካ ኮሚቴው ወስኗል።»
የቀበሌውን ኮሚቴ ደብዳቤ ቃል በቃል ገለበጥሁት። ማኅተሙም ተዘቅዝቆ ነው የተመታው። ምንም? «ትንሽ» ማለት አቃታቸው? ሠላሳ ዓመት እንጅባራ ባዮሎጂ አስተምሬ፣ እዚህ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ከአባቴ ዛፎች ጋር ልረፍ ብል…

ታኅሣሥ 21
ሶስና በምሳ ሰዓት፦ «አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን ስማ። ሂድና በአፍህ ንገራቸው።»
በአፍ? በማኅተም የመጣ ነገር?

ታኅሣሥ 23
መላ አገኘሁ። ጥቅም ከሌለው ማንም ሊጠቀምበት አይገባም። ዙሪያውን ገመድ ወጠርሁ። ሰሌዳ ሰቀልሁ፦ «በኮሚቴው ውሳኔ መሠረት ከዚህ ደን ጥቅም ማግኘት ክልክል ነው።»
ሶስና ሳቀች። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ታኅሣሥ 25
ጎረቤቴ ካሳነሽ ከአጥሩ ማዶ፦ «ጋሼ፣ ንቦቼስ? የኮሶውን አበባ ለምደዋል።»
«ክልክል ነው።»
«እንግዲያው እርስዎ ይንገሯቸው።»
ስንት ቀፎ እንዳላት ለመመዝገብ ሄድሁ። ስምንት ቆጠርሁ። ዘጠነኛው ላይ ንቦቹ ከንፈሬን ነደፉኝ።

ታኅሣሥ 26
የከንፈሬ እብጠት አልጎደለም። ሶስና «ቤታችን ሰላም አገኘ» ትላለች።

ጥር 3
ደን የጨረሱት ሰፈሮች ምንጫቸው ደርቋል። ከኔ ዛፎች ግርጌ ያለው ግን ይፈስሳል። ዛሬ አንድ ቦራ ፈረስ አፉን ነክሮበት አገኘሁ። ከወይራው ጥላ ሥር ደግሞ፣ ጃኬቱን አንጥፎ የሚያንኮራፋ… ይሄነው! የኮሚቴው ሰብሳቢ! ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምረው የደን ጥቅም ጥያቄ ላይ ባዶ ወረቀት የሰጠኝ!
«ተነሥ!»
«ውይ ቲቸር… ለጥሩ የፈረስ ግልቢያ በዓል እያዘጋጀሁት ነው። እኛ ሰፈር ውሃ ጠፋ እኮ።»
«ሰሌዳውን አላየኸውም?»
«አይቻለሁ። ማን ነው የከለከለው?»
«አንተ!»
ፈረሱ መጠጣቱን ቀጠለ።

ጥር 4
ጠዋት ይሄነው ፈረሱን ይዞ ከገመዱ ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። አልገባም። «ቲቸር… ላጠጣው?»
ገመዱን ፈታሁ። ፈረሱ ማስረጃዬ ነው፤ ማስረጃ በውሃ ጥም መሞት የለበትም። ሰሌዳውንም አወረድሁት። ጀርባው ላይ የደብዳቤዬን ረቂቅ ጻፍሁ፦
«ለኮሚቴው ሰብሳቢ። ፈረስዎ ከምንጩ ሲጠጣ፣ እርስዎም ከጥላው ሥር ሲያንኮራፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ውሳኔዎ ትክክል ከሆነ፣ ፈረሱ እንዳልጠጣ፣ እርስዎም እንዳልተኙ በማኅተም ያረጋግጡልኝ። ስህተት ከሆነ ይሻሩት። ማኅተሙ ሳይዘቀዘቅ፣ የጽሑፍ መልስዎ እስከ ጥር 12 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ይድረሰኝ።»