የኤልያስ ሠረገላ ያልኩት ጋሪ

ጥቅምት ፲፪፣ ሚካኤል። ረፋድ፣ ደ/ብርሃን።

የጋሪውን መንኮራኩር እንደገና ሞራ ቀባሁት። ያው ይጮኻል። የሠራው ፈረንጅ አናጢ ሲለምድ ዝም ይላል ብሎኛል። እስኪለምድ እኔ አልቆይም።

ብራናዬ፣ ለሰው የማልለውን ላንተ ልንገርህ። ፈርቻለሁ። የነጋዴው አለቃ ነጋድራስ፣ ጋሪ የሚገዛ ይኖር እንደሆነ ገበያ ወጥተህ አጣራ ብለውኛል። የቄስ ልጅ ስለሆንክ አፍ አለህ አሉኝ።

ጥቅምት ፲፬። ከገበያ መልስ።

ጉድ ሆንኩ! ሲራራ ነጋዴዎቹ ከበውኝ ቆሙ። ይህ አንድ ጋሪ የብዙ አጋሰስ ጭነት ይችላል ስል ሳቁ። ተናደድኩና የኤልያስ ሠረገላ እኮ ነው ብዬ ጮኽኩ። ማሞገሴ ነበር። ሳቁ ቀጥ አለ። አንድ ሽማግሌ፣ ኤልያስ በሠረገላው ሄዶ መቼ ተመለሰ ብለው ጠየቁኝ። አህዮቻቸውን እየነዱ ተበተኑ።

የቀሩት አንዲት የደነባ ስንዴ ነጋዴ ብቻ። ከእነዋሪ ደነባ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ስንዴዬን ይጫንልኝና አያለሁ አሉ። ወሬው ግን ቀድሞኝ ነጋድራሱ ዘንድ ገብቷል። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ጥቅምት ፲፭። ከሰዓት።

ነጋድራሱ ተቆጥተዋል። አሞሌ ጨው ጫን፣ ራስህ ተቀመጥበት፣ የአንኮበርን ቁልቁለት ወርደህ በሕይወት ተመለስ አሉኝ። ያኔ ሰው ይገዛል። እምቢ ብል ሰንሰለት አለ።

ቁልቁለቱን አውቀዋለሁ። በቅሎ እንኳ አቅሏን የምትስትበት ነው። በቅሎ ደግሞ ገደል ስታይ ትቆማለች። መንኮራኩር ምን ያውቃል?

ጥቅምት ፲፯። ንጋት።

አሞሌው ተጭኗል፤ በቅሎዎቹም ጋሪው ላይ ተጠምደዋል። የነፍስ አባቴ አናዝዘውኛል። አሁን ብወጣ፣ ባለቤቴ አስካለ ስንቅ ይዛ ጨው ላይ ተቀምጣለች። ውረጂ አልኳት።

«አንቱ ኤልያስ ከሆኑ፣ እኔ ከታች ቆሜ መጎናጸፊያ አልለቅምም» አለች።

ልትስቅ ሞከረች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

ለራሴ መፍራቱን ችዬው ነበር። ይህን አልችልም። ተመልሼ ገብቼ ይኸው እጽፋለሁ። በቃ፣ አንኮበር አልሄድም። በቅሎዎቹን ወደ ደነባ አዞራለሁ። ነጋድራሱ ካሰሩኝ ይሰሩኝ፣ ስንዴው ግን በጋሪ ይገባል።

ውጪ መንኮራኩሩ ጮኸ። አስካለ በቅሎዎቹን ወደ አንኮበር ነዳች። ሐሳቤን መቀየሬን ገና አልነገርኳት—